ለውሻችን ጥሬ አጥንት መስጠት ለምን አቆምን?

በየበዓሉ ከቅርጫ የሚተርፈውን አጥንት ለውሻችን መስጠት በቤታችን የተለመደ ነበር፤ እኔም ጥሬው ከተቀቀለው ይሻላል ብዬ በማመን ለዓመታት ሳላመነታ ሰጥቻለሁ። እምነቱ በከፊል እውነት ነው። የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይም የዶሮ፣ ሲታኘክ በሾሉ ስንጥሮች ስለሚሰባበር ጉሮሮን ወይም አንጀትን ሊበሳ ይችላል። ጥሬው የመሰንጠር ባሕርዩ ቢያንስም ከአደጋ ነፃ አይደለም። ባለፈው ፋሲካ ውሻችን የበሬ ቅልጥም ሲቆረጥም የላይኛውን ትልቅ የመንጋጋ ጥርሱን ሰብሮ ለቀናት ምግብ አልቀምስ ሲል ያየሁት ሥቃይ እስካሁን ያሳዝነኛል። ሳልሞኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎችም በጥሬ አጥንት ላይ ይገኛሉ፤ ማቀዝቀዣ አያጠፋቸውም፣ ጤነኛ የሚመስል ውሻም ወደ ልጆች ሊያስተላልፋቸው ይችላል።

ከአጥንቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አብሮት የሚጣለው የሆድ ዕቃ ነው። በበግ ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የኤኪኖኮከስ ትል እጭ የያዘ ሊሆን ይችላል፤ ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ከዓይነ ምድሩ ጋር የሚወጣው እንቁላልም በእጅ፣ በውሃ ወይም ባልታጠበ አትክልት አማካይነት ወደ ሰው ሲገባ፣ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚያድግና አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ እባጭ ይፈጥራል። አሁን እንዲህ ያለውን ጉበትና ሳንባ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አርቀን እንቀብራለን ወይም እናቃጥላለን፤ ውሻችንም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ፕራዚኳንቴል የተባለ የትል መድኃኒት ይወስዳል። ለማኘክ የጎማ መጫወቻ ገዝተንለታል።