ከጣርማበር አፋፍ እስከ ሸዋ ሮቢት፦ ገደሉን ማንበብ እየለመድኩ ነው

ሰላም ወዳጆች። የድንጋይ ነገር ከያዘኝ ወዲህ ትኩረቴ አንድ መንገድ ላይ ነው። ከጣርማበር አፋፍ ተነስቶ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል ሸዋ ሮቢት የሚወርደው። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የያዝኩት ልማድ ገደሉን ከላይ ቆሞ ከማየት ይልቅ የመንገዱን ዳር ቁርጥ ማየት ነው። ከአፋፉ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ዕይታው ልብ ይሰርቃል፣ ጭላዳውም ጅብራውም እዚያ ነው። ድንጋዩ የሚያወራው ግን መንገድ ሲቀየስ የተቆረጠው ግድግዳ ላይ ነው።

እዚያ የላቫ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ፣ ንጣፎችን መለየት ተምሬያለሁ። የአንዱ ፍሰት መሃል ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ባዛልት ነው፤ ላቫው ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ድንጋይ። ወደ ላይኛው ፊቱ ስትጠጉ ቀዳዳ ይበዛል፤ ጋዝ ሲወጣ የተወው ነው። ቀዳዳዎቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ብዙዎቹ በነጭ ማዕድን ተሞልተዋል። ውሃ ከዓመታት በኋላ ሰርጎ ገብቶ ያስቀመጠው ነው። ከዚያ በላይ አንዳንዴ ቀይ የአፈር መስመር ታገኛላችሁ። ይህን መስመር በጣም እወደዋለሁ። አንዱ ላቫ ቀዝቅዞ፣ አፈር ሆኖ፣ ምናልባት ሣር አብቅሎ ሳለ ቀጣዩ መጥቶ ሸፈነው ማለት ነው። ማለትም ቀዩ መስመር ረፍት ነው፤ በሁለት ፍንዳታዎች መካከል ያለ ጊዜ።

የደጋችን ዋናው የላቫ ንጣፍ የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። አብዛኛው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ወጥቶ፣ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ትልልቅ እሳተ ገሞራዎች በላዩ ተከመሩ። እዚሁ አቅራቢያ ያለው የመገዘዝ ተራራ ከእነሱ ከወጣቶቹ አንዱ ነው፣ ዕድሜው 10 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ። ጣርማበር ራሱ በጂኦሎጂ ካርታ ላይ የአንድ የድንጋይ ክፍል መጠሪያ ሆኗል፤ ከሸዋ ርቆ የሚገኝ ባዛልት ሳይቀር በዚህ ስም ይጠራል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ገደሉ አንድ ግድግዳ አይደለም። አፋር ወደ ታች ሲሰምጥ የደጋው ጠርዝ በስንጥቆች ተሰነጣጠቀ፣ ቁርጥራጩም በየደረጃው ወረደ። ስለዚህ ስትወርዱ መንገዱ ገደል፣ ከዚያ ለጥ ያለ እርከን፣ እንደገና ገደል ይሆንባችኋል። እርሻውና መንደሩ እርከኑ ላይ ነው፤ አፈሩ የሚጠራቀመው እዚያ ነዋ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ዞር በሉ። ሜዳው ቀጥታ ወደ አፋር አይዘረጋም፣ ከወዲያም ኮረብታ አለ። ሜዳው በሁለት ስንጥቆች መሃል የሰመጠ መሬት ነው። ወደ ሰሜን ቦርከናም፣ ራያም እንዲሁ ናቸው። ይህን ከገባኝ ወዲህ የወሎን መንገድ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ውሃውም ይህንኑ ይመሰክራል። ከአፋፉ በስተምዕራብ የወረደ ዝናብ በጀማ ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባል። በስተምሥራቅ የወረደው አዋሽን ይቀላቀልና ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

መሬቱ ደግሞ ገና አላረፈም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን ባለው ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ በተባለው ቦታ ሰፊ መሬት ተንሸራትቶ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። የበሰበሰ ድንጋይ፣ የክረምት ውሃና ቀጥ ያለ ቁልቁለት አንድ ላይ ሲገናኙ እንዲህ ይሆናል። እርከኑ ላይ የሚያርሰው ገበሬ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ስትሄዱ ጠይቁ፣ ምንጭ የት እንደሚፈልቅና መሬት የት እንደሚሰነጠቅ ያሳዩዋችኋል።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ጠዋት ይሻላል። ገደሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ ፀሐይ ቀጥታ ታበራዋለች፣ ንጣፎቹ አንድ በአንድ ይለያሉ። የኔ ቀጣዩ ሥራ ንጣፎቹ በየእርከኑ ወደየት እንደሚያዘነብሉ በኮምፓስ መመዝገብ ነው። ከካራ ቆሬ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን ያየ ካለ ያዘመመበትን አቅጣጫ ይጻፍልኝ፣ ከኔው ጋር አስተያየዋለሁ።