ከሦስት ኩንታል ጤፍ ሦስት ፍሬ

በ2012 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ተማሪ ሆኜ ጄኔቭ ስኖር፣ እናቴ በስልክ ካርድ በደወልኩላት ቁጥር «አሁንም ያንን የማይታይ ነገር ነው የምትፈልገው?» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። የምሠራው ፕሮቶኖች እርስ በርስ በሚጋጩበት የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ በሰርን፣ ኤልኤችሲቢ በተባለው ሙከራ ሲሆን፣ ድርሻዬም ቢ-ኤስ የምትባል ቅንጣት ወደ ሁለት ሙዮኖች (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመዶች) የምትፈራርስበትን ብርቅ አጋጣሚ ከሚያድኑት ሰዎች ጎን ተቀምጦ መረጃ ማበጠር ነበር።

የታወቁትን ቅንጣቶች የሚገልጸው ንድፈ ሐሳብ፣ ስታንዳርድ ሞዴል፣ እንደሚለው፣ ይህ የሚደርሰው ከአንድ ቢሊዮን ቢ-ኤሶች በሦስት ወይም በአራቱ ላይ ብቻ ነው። ለእማዬ በጤፍ አሰላሁላት፤ አንድ ሺህ ፍሬ የግራም ሲሶ ገደማ ስለሚመዝን ቢሊዮኑ ሦስት ኩንታል ያህል ይሆናል፣ እኛም ከዚያ ውስጥ ሦስት ፍሬ ለይተን ማውጣት ነበረብን። «ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርከው?» ብላ ሳቀች።

ሦስቱ ፍሬዎች ይህን ያህል የተፈለጉት በቁጥራቸው ምክንያት ነበር። ሱፐርሲሜትሪ የሚባለው ንድፈ ሐሳብ ለእያንዳንዱ የታወቀ ቅንጣት ገና ያልታየ ጓደኛ አለው ይላል። እነዚህ ቅንጣቶች ካሉ፣ በፕሮቶኖቹ ግጭት በቀጥታ ለመፈጠር እጅግ ከባድ ቢሆኑ እንኳ፣ በመፈራረሱ ሂደት ለቅጽበት ገብተው ስለሚወጡ ቁጥሩን ያዛባሉ፤ በአንዳንድ የንድፈ ሐሳቡ ዓይነቶች እንዲያውም ብዙ እጥፍ ያሳድጉታል። ይህ ለእማዬ አልከበዳትም፤ እህል ወፍጮ ቤት ልካ ዱቄቱን መልሳ የምታስመዝን ሴት ናትና ያላየችውን እጅ በሚዛን ማወቅ ለምዳዋለች።

ምኞታችን እንዳያታልለን፣ ምልክቱ የሚጠበቅበት ክልል ትንተናው እስኪጠናቀቅ ተሸፍኖ ይቆይ ነበር። በኮምፒውተሬ ግራፍ ላይ የቢ-ኤስ ክብደት በሆነው 5.37 ጂኢቪ (የቅንጣት ክብደት መለኪያ) አካባቢ ያለውን ባዶ ቦታ ለወራት አፍጥጬበታለሁ፤ አልደብቅም፣ ያን የጥናት ርዕስ የመረጥኩት ሱፐርሲሜትሪን ተስፋ አድርጌ ነበር። በኖቬምበር ኪዮቶ በተካሄደ ጉባኤ ይፋ የሆነው ውጤት ግን ከቢሊዮን 3.2 ሆነ፤ የስሕተት ወሰኑ ሰፊ ቢሆንም ከስታንዳርድ ሞዴል ጋር የሚስማማ ነበር። የሂደቱ የመጀመሪያው ማስረጃ በመሆኑ ባልደረቦቼ ሲጨባበጡ እኔም ጨበጥኩ።

ለእማዬ ስነግራት «ሚዛኑ ልክ ከሆነ ባለወፍጮው ታማኝ ነው፤ ታዲያ ምን አስከፋህ?» አለችኝ። ሱፐርሲሜትሪ እንዳልሞተ፣ መሸሸጊያው ብቻ እንደጠበበ ላስረዳት ስጀምር ካርዱ አለቀ።