የእማማ ሃይላንድ

ጃክ ገና በሩ ጋ ሳለ ሽታው ቀድሞት ገባ። የጀርመን ድቅል ውሻ ነው፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ እማማ እየጎተቱት መጡ። ወይም እሱ እየጎተታቸው። መግል በያዘው በዚያው ግራ ጆሮ እኛ ክሊኒክ ሲመጣ ሦስተኛ ጊዜው ነበር።

ሁለቱን ዙር ያከመው አለቃዬ ነው። ዶክተሩ ማይክሮስኮፕ አይወድም፣ ለእሱ ጆሮ ከሆነ ጄንታ ነው። ጄንታ፣ ማለትም ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ መግል ውስጥ ጉልበቱ እንደሚደክም የሚነግረው ሰው የለም፣ እኔን ጨምሮ። የውሻ ጆሮ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወርዶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ መግሉ እዚያ መታጠፊያው ላይ ይተኛል።

ዶክተሩ ምሳ ሲወጣ ከጃክ ጆሮ መግል ወስጄ ስላይድ ሠራሁ። ዱላ ዱላ የሚመስሉ ባክቴሪያዎች ሞልተውበታል። ሱዶሞናስ የሚባለውን ባክቴሪያ ጠረጠርኩ። ታምቡሩ ደህና መሆኑን አየሁና አንድ ጓደኛዬ ከውጭ በሻንጣ ያመጣልኝን ትሪስ-ኢዲቲኤ አወጣሁ። ይሄ እጥበት ከባክቴሪያው የውጭ ሽፋን ላይ ካልሲየምና ማግኒዥየሙን ይነቅላል፤ ሽፋኑ ሲሳሳ አንቲባዮቲኩ ሰተት ብሎ ይገባል። እሱንና ኤንሮፍሎክሳሲን ጠብታ ሰጠኋቸው። "እማማ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚሠሩት" አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

በሳምንቱ ተመለሱ። ሽታው እንዳለ ነው። እማማ ከዘንቢላቸው ትንሽ ሃይላንድ አወጡ፣ ውስጡ ሁለቱም መድኃኒት ተቀላቅሏል።

"እማማ! ለምን ቀላቀሉት?"

"አንድ ላይ ነው አላልከኝም?"

"አዎ፣ ግን..."

"አዎ ካልክ ግኑ ምንድን ነው ልጄ?"

ዶክተሩ ከዴስኩ ሆኖ ሳቀ። "በሳሙና የሚድን ጆሮ!" አለ። ደሜ ፈላ። በእሱ የተናደድኩትን እማማ ላይ ተወጣሁት፣ መድኃኒቱን አበላሹት ብዬ ሰው ፊት ተቆጣሁ። መጀመሪያ እጥበቱ፣ ጆሮውን ከሥሩ ማሸት፣ ማስነቅነቅ፣ መጥረግ፣ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ጠብታ። እማማ ሰዓት አያስሩም። "አቦሉ ሲቀዳ አጥበዋለሁ፣ ቶናው ሲደርስ አንጠባጥባለሁ" አሉ። ከእኔ ትእዛዝ የተሻለ ትእዛዝ ነው።

ማታ እቤት ገብቼ ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የእንስሳት ቆዳ ሐኪሞች ሆን ብለው ኤንሮፍሎክሳሲኑን ትሪስ-ኢዲቲኤው ውስጥ ጨምረው አንድ ጠርሙስ ያደርጉታል። የታወቀ አሠራር ነው። እማማ ቀላቅለው ያጠፉት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያልዳነው ሌላ ነገር ነው፦ ከዚያ ሃይላንድ በቀን ሦስት ጠብታ ብቻ ነበር የሚያደርጉት። ሦስት ጠብታ ያንን ሁሉ መግል ምን ያደርገዋል? ጆሮው ሞልቶ እስኪፈስ መደረግ ነበረበት። ካርዱን አወጣሁት። በእኔ እጅ፣ በእኔ ጽሑፍ "3 ጠብታ" ይላል። እጥበቱ ስንት እንደሆነ የሚል ምንም የለበትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስላይዱ ላይ አንድም ዱላ አልነበረም። ዶክተሩ "ጄንታው ዘግይቶ ነው የሠራው" አለ። ዝም አልኩ። እኔም የደበቅኩት ካርድ አለ።

ባለፈው ወር እማማ ጃክን የእብድ ውሻ ክትባት ሊያስከትቡ መጡ። ወረፋ ላይ አንዲት ልጅ ጆሮውን የሚያክ ቡችላ ይዛለች።

"የሰጡሽን መድኃኒት እንዳትቀላቅዪ!" አሏት። "እኔ ቀላቅዬ ይሄን ውሻ ልገድለው ነበር። ይኸው ዶክተር ምስክሬ ነው።"

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ዶክተሩም ቀና አለ።

"ጃክን ያዙልኝ እማማ" አልኩና ሲሪንጁን መሙላት ጀመርኩ።