ጳጉሜ 6ን የበላው ሶፍትዌር

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሰኞ ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ደሴ ፒያሳ ያለችው የሶፍትዌር ቢሯችን ውስጥ ቡናው ገና አልፈላም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የኮምቦልቻ ደንበኛችን ናት፣ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ያዥ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

«ጳጉሜ 6።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ኮምፒውተራችሁ ግን መስከረም 1 ነው ይላል። ሰዉን ሁሉ እየቀጣብኝ ነው።»

የማኅበሩ ደንብ ቀላል ነው። የነሐሴ ክፍያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ይከፈላል። መስከረም ከገባ 10 ብር ቅጣት አለ። እንደምታውቁት እኛ አገር ክፍያ ማለት የመጨረሻው ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ያን ቀን ደጃፉ በሰው ተሞልቷል። ማሽኑ ደግሞ ጳጉሜ 6 የምትባል ቀን አያውቅም። ከጳጉሜ 5 ዘሎ አዲሱን ዓመት ጀምሯል።

በርቀት ገብቼ እንዳላስተካክል ያኔ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ላፕቶፔን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው እናት ሁለት ዶሮ ታቅፋለች። ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ሁለተኛ ስልክ መጣ። ከባቲ ነው። ባቲ ደግሞ ሰኞ ገበያዋ ነው። ደንበኛችን በዓመት አንዴ የሚጨናነቅበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። ትንሽ ቆይቶ ባልደረባዬ ከቢሮ ደወለ። «ሐይቅ ከተማም እንደዚያው ነው፤ እኔ ወደዚያ እየሄድኩ ነው» አለኝ።

ያኔ ነው ሆዴ የተገለበጠው። ይህን ስህተት አውቀዋለሁ። ከአራት ዓመት በፊት በገዛ እጄ አስተካክዬዋለሁ።

ኮምቦልቻ ስደርስ አንዲት ገበሬ እናት ገንዘቧን ከመቀነቷ እየፈታች ነበር። ቆጥራ የመጣችው ልክ የክፍያውን ነው። ለ10 ብሩ አልተዘጋጀችም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካሌንደር ጳጉሜ 6 ይላል። ከሥሩ ያለው ስክሪን መስከረም 1 ቀን 2016 ይላል። ሰው ሁሉ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ያያል።

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የኮሚቴው አባል ናቸው፣ ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። ደረሰኝ አሳዩኝ።

«ና አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል። ይህ ምንድን ነው?»

«ቅጣት ነው ሐጂ። ስህተት ነው፣ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

«አንድ ቀን ቀማችሁን፣ ከዚያ ዘገያችሁ ብላችሁ ቀጣችሁን። እሺ፣ ቀን ይሳሳታል፤ አብሽር። ግን እኔ ወለድ አልባ ነኝ። የዘገየ ሰው ላይ ብር ጨምሮ ማኅበሩ የሚያስገባው ከሆነ፣ ስሙን ቅጣት ብትለው ያው ወለድ ነው። ይህን ማን ፈቀደላችሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ቀኑን ላስተካክል ነበር የመጣሁት። ሐጂ ያሳዩኝ ግን ሌላ ስህተት ነው። ከመጀመሪያው ሥር ለሁለት ዓመት ያህል ተኝቶ የኖረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባት ደንበኞች ነበሩን። ሦስት የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ሁለት ቅሬ፣ አንድ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አንድ በዱቤ የሚሸጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ። (ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። የመጀመሪያው ደንበኛችን «እድር» የሚለውን ቃል ስክሪኑ ላይ ሲያይ «ይህ የአዲስ አበባ ነው፣ የኛን አምጣ» ብሎ መልሶናል።) ሲታዩ ሰባቱም ይለያያሉ። ሲገለጡ ግን ሁሉም አባል አላቸው፣ ወርኃዊ ክፍያ አላቸው፣ ደረሰኝ አላቸው፣ አብዛኞቹም ቅጣት አላቸው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

እኛ ግን እንደ አንድ ቤተሰብ አላሳደግናቸውም። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ የቅርቡን ፎልደር ኮፒ እናደርጋለን፣ ስሙን እንቀይራለን፣ የሚፈልገውን እንጨምራለን። በሦስት ቀን እናስረክባለን። ይህን ስንፍና ብቻ አትበሉት። ደንበኛ ደጅ ቆሞ የቤት ኪራይ ወር ሲደርስ ከኮፒ የተሻለ ዘዴ የለም። ኮፒ በተወለደበት ቀን ነፃ ነው። ሒሳቡ የሚመጣው በኋላ ነው።

የቀኑን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ባብዛኛው ለ4 እኩል የሚካፈል ዓመት አንድ ቀን ይጨመርበታል። በኛ ግን ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ዓመት ነው ጳጉሜው 6 የሚሆነው። 2011፣ 2015፣ 2019። ማንኛውም የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜ 6 እንደምትሆን ይነግራችኋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ 0 ብዬ ጻፍኩ።

ጳጉሜ 6 ቀን 2011 ያኔ አንድ ብቻ የነበረው የቅሬ ደንበኛችን ደወለ። ጸሐፊው እየሳቀ «እንቁጣጣሽን ቀደማችሁን» አለኝ። ቅጣት ስለሌለው ማንም አልተጎዳም። 0ን ወደ 3 ቀየርኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። የትም አልጻፍኩትም።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቢሯችን ተዘረፈ። የተስተካከለው ኮድ የነበረበት ኮምፒውተርም አብሮ ሄደ። ከሁሉ የተረፈው ባልደረባዬ ሲወጣ ኪሱ ውስጥ የነበረው ፍላሽ ነው። ስንመለስ ከዚያ ፍላሽ ጀመርን። ፍላሹ የ2010 ነበር። የቅሬው ላፕቶፕ ጸሐፊው ቤት ተደብቆ ተርፏል፣ ከሱ የተቀዳው የትምህርት ቤቱም ደኅና ነው። የቀሩት አምስቱ ግን ከፍላሹ ተወለዱ። 0ን ይዘው።

የሐጂን ጉዳይ ያበላሸሁት ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። ማኅበሩ ከአባላቱ ግማሹ ወለድ አልባ እንዲሆንለት ጠየቀ። የወለዱን መጠን 0 አደረግሁና «ጠፍቷል» አልኩ። ቅጣቱ ግን በመቶኛ የሚሰላ አይደለም፣ 10 ብር ቁርጥ ነው። የኔ ዜሮ አልነካውም። ወለድ አልባዎቹ ቀን የሚያሳልፉ ሰዎች ስላልሆኑ እስከዚያች ሰኞ ድረስ ማንም አላየውም። ሁለቱ ስህተቶች ባይገናኙ ኖሮ ምናልባት እስካሁንም አላየው ነበር።

ኮምቦልቻን ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ባቲ ስደርስ የኮምቦልቻውን ፋይል ገልብጬ ልገላገል አሰብኩ። አልሆነም። በባቲው ኮፒ ያንኑ የቀን ሥራ ሌላ ስም ሰጥቼዋለሁ፣ ሌላ ፋይል ውስጥ ከደረሰኝ ማተሚያው ጋር ደባልቄዋለሁ። ለምን? አላስታውስም። አንድ መስመር ነው፣ ግን በአምስት ቤት አምስት ልብስ ለብሷል። ገበያው ተበትኖ የመጨረሻዎቹ ግመሎች ሲነዱ እኔ ገና የደረሰኝ ቁጥር እያስተካከልኩ ነበር። ደግሞም ካልተስተካከለ የሚቀረው አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ፕሮግራሙ እስከ ጳጉሜ 2016 ድረስ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እየቀደመ ይኖር ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ተቀመጥንና ያለፈውን ዓመት ካሌንደር ገልብጠን ጀርባው ላይ ዛፍ ሳልን። ዘዴው የኛ ፈጠራ አይደለም። የሶፍትዌር ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ በ1976 እንደ ፈረንጆቹ የጻፈው ነገር አለ። ፕሮግራሞች ብዙ የሚጋሩት ነገር ካላቸው፣ እያንዳንዱን ለብቻው ከማየት በፊት የጋራውን ማጥናት ይሻላል ይላል፤ እንዲህ ያሉትንም ቤተሰብ ነው የሚላቸው። በ1990 ደግሞ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምሕንድስና ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች የዛፉን ሥዕል አመጡ። ግንዱ ምርቱ ነው። አንዳንዱ ቅርንጫፍ የግድ ነው፣ አንዳንዱ ቢኖርም ባይኖርም ነው፣ አንዳንዱ ከሁለት አንዱን ምረጥ ነው። አባል የግድ ነው። ቅጣት በምርጫ ነው። ወለድ ያለው ወይም ወለድ አልባ፣ ለአንድ አባል ከሁለት አንዱ።

መሳሉ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ሰባቱን ኮፒ ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነታቸውን መልቀም ግን ሳምንታት ወሰደብን። በየልዩነቱ ፊት የምትቆም አንዲት ጥያቄ አለች። ይህ የደንበኛው ፍላጎት ነው ወይስ የኛ ዝንጋታ? ኮዱ አይነግርህም። የሐይቁ ኮፒ ሳንቲሙን ወደሚቀጥለው ብር ከፍ ያደርጋል። ባልደረባዬ «ባግ ነው (የኮድ ስህተት ማለቱ ነው)፣ አጥፋው» አለ። እኔም ላጠፋው ነበር። ደግነቱ ሐይቅ ደወልን። ገንዘብ ተቀባይዋ «ሳንቲም ከየት አምጥቼ ልመልስ? እኔው ነኝ ያስደረግሁት» አለችን። ትርፏን ደግሞ በሚቀጥለው ወር ለአባሉ ታስብለታለች፣ በደብተር። ደብተሩ የትኛውም ኮድ ውስጥ የለም። ከኮፒዎች ቤተሰብን መልሶ መገንባት ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ የሚያደክም ጥያቄ መሆኑን ሳነብ አልገረመኝም። እኛ ሰባት ኮፒ ይዘን፣ ደንበኞቹ ሁሉ በሕይወት እያሉ እንዲህ ከሆንን፣ መቶ ኮፒ ያለውና የጻፈው ሰው የለቀቀበት ቤት ምን ይሁን?

ሌላው ፈተና ቁጥር ነው። ዛፋችን ላይ 14 ይኑር ወይስ አይኑር የሚባሉ ምርጫዎች ወጡ። ሲባዛ 16,384 ዓይነት ምርት ይሆናል። 33 ቢሆኑ ከ8.5 ቢሊዮን በላይ ነው፣ በምድር ላይ ካለው ሰው ይበልጣል። የብዙ ኮምፒውተሮችና ስልኮች እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ የሊኑክስ ከርነል፣ ከ10,000 በላይ ምርጫዎች አሉት፤ እሱን ማባዛት ተዉት። ሁሉን መፈተሽ አይቻልም። የሚያጽናናው ነገር የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች ያገኙት ነው። የሶፍትዌር ብልሽቶችን ሲመረምሩ አብዛኞቹ የሚመጡት ከአንድ ነገር ወይም ከሁለት ነገሮች መገናኘት ነው፤ ባዩዋቸው ውስጥ ከስድስት በላይ ነገር መገናኘት የጠየቀ አልነበረም። የኛም ሰኞ ሁለት ነበር፣ ቀኑና ወለድ አልባው። ምርጫዎቹ በደንብ ከተደለደሉ አሥር በማይሞሉ ሙከራዎች 14ቱም ጥንድ ጥንድ ሆነው በሁሉም መልክ ይገናኛሉ። አሁን እንደዚያ ነው የምንፈትሸው።

ኮፒዎቹን አንድ ግንድ ማድረጋችን ሁሉን ፈታ ብል ውሸት ነው። አሁን ለሱቁ ብለን የነካነው ነገር ቅሬው ላይ ይታያል። አንድ ቀን የቅሬው ጸሐፊ ደውሎ «የአክሲዮን ድርሻ የሚል ቁልፍ መጥቷል፣ ሬሳ ልንሸጥ ነው?» ብሎኛል። ባቲ ደግሞ አዲሱን አልፈልግም ብሏል። አሮጌው ይሠራልኛል ይላል፣ ልክ ነው፣ ይሠራለታል። ስለዚህ ዛፉ ወደ ጎን ብቻ አያድግም፣ ወደ ኋላም ዕድሜ አለው። ለዚህ ጥሩ መላ አላገኘሁም።

ለሐጂ ግን መላ ተገኘ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ወለድ አልባ አባል ከዘገየ ማኅበሩ ምንም እንዳያስገባ፣ አባሉ ከፈለገ በራሱ ፈቃድ ሰደቃ ሳጥን ውስጥ እንዲጨምር ወሰነ። ዛፉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ተሰመረ። ወለድ አልባ ከተመረጠ ቅጣት አይመረጥም። መስመሩን ያሰመሩት ሐጂ ራሳቸው ናቸው። ካሌንደሩን ኮምቦልቻ ድረስ ይዘንላቸው ሄደን ነበር። ያቺ ገበሬ እናትም 10 ብሯ ተመልሶላታል።

ጳጉሜ 5 ቀን 2016 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ኮምቦልቻ ናት፣ ገንዘብ ያዧ።

«ወንድሜ፣ ነገ ስንት ነው?»

ልቤ ደነገጠ። ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ። «መስከረም 1» አልኳት።

«ኮምፒውተሩም እንደዚያ ነው የሚለው። አንተን ልፈትንህ ብዬ ነው። እንኳን አደረሰህ።»