«ነክተውኛል»

ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር የመጨረሻውን የተች ራግቢ (ኳስ በእጅ ይዞ ሮጦ ከተጋጣሚ መስመር ማዶ መሬት ማሳረፍ) ጨዋታችንን 5 ለ 4 ተሸነፍን። ስለ ውጤቱ አይደለም የምጽፈው።

4 ለ 4 ነን፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። የቡድናችን ትንሿ ልጅ ኳሷን ይዛ በዳር በኩል ሾልካ ወጣች። ከፊቷ ማንም የለም። ጮኽን። መስመሩ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች፤ ኳሷን መሬት ላይ አስቀምጣ ጭቃ የነካው እጇን አነሣች። «ነክተውኛል» አለች።

ዳኛው አላየም። ነካ የተባለው ልጅ ራሱ እርግጠኛ አልነበረም፤ የማሊያዋን ጫፍ ነው በጣቱ ያገኘው። በዚህ ጨዋታ መጣል መጎተት የለም፤ ልብስም ቢነካ ንክኪ ነው፣ 6 ጊዜ ከተነካችሁ ኳሱ የሌላው ነው። ያ ስድስተኛችን ነበር። ኳሱን ወሰዱ፣ በዚያው አገቡብን።

ያቺ ወደ ላይ የተነሣች ትንሽ እጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። እኔ በሷ ቦታ ብሆን እቆም ነበር? ዳኛ በሌለበት ቦታስ፣ በሥራም በገበያም፣ ስንቴ ቆሜያለሁ?

ስንበተን ቀስ ብላ መጣች። «ጋሼ፣ አዘኑብኝ እንዴ?»

ጉሮሮዬን ያዘኝ። ግንባሯን ሳምኳት።