ወንበር ካወጣችሁ ሰፍራችኋል

«ቤት የላችሁም እንዴ? ምን ሆናችሁ ነው መኪና ውስጥ የምታድሩት?» አሉ አማቴ፣ የተከራየሁትን ቮንሞቢል ፍራንክፈርት ደጃችን ላይ ሳቆመው። ከደብረ ብርሃን ከመጡ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። ጀርመኖች ቮንሞቢል የሚሉት አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያለው መኪና ነው። የእኛው ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቱ እስከነጭነቱ ከ3.5 ቶን አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በእኔ መንጃ ፈቃድ አይነዳም። ኪራዩ በቀን 115 ዩሮ፣ መያዣው 1,500። ዋጋውን ስነግራቸው በልባቸው ወደ ብር መነዘሩና ዝም አሉ። ከተናገሩት ይልቅ ዝምታቸው ከበደኝ።

አከራዩ ስለ ጋዙ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ባትሪው ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳን። የት የት ማደር እንደሚቻል ስጠይቀው ግን «እንደየአገሩ ነው» ብሎ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ። በዘጠኙ ቀን የተጨቃጨቅንበት ነገር ሁሉ እዚያች አንድ ቃል ውስጥ ነበር።

ጀርመን ውስጥ ነገሩ ግልጽ ነው። መኪና ማቆም በተፈቀደበት መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ማደር ይቻላል፤ ምክንያቱ ግን ሹፌሩ አርፎ ለመንዳት መብቃቱ መሆን አለበት። ለደከመው ሰው ተብሎ የተተወ ነገር እንጂ ለሽርሽር አይደለም። ስለዚህ ዳስ አይዘረጋም፣ ጠረጴዛ አይወጣም፣ ሲነጋ መንገድ መቀጠል ነው። እኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ፍራይቡርግ አጠገብ ሽቴልፕላትስ በሚሉት፣ ለቮንሞቢል ተብሎ በተከለለ ማቆሚያ አሳለፍን። ማደሪያው 12 ዩሮ፣ ውሃው 1 ዩሮ ማሽኑ ውስጥ እየከተቱ። ልክ ማታ 4 ሰዓት ሲሆን መብራቱ ሁሉ ጠፋ፣ ሬዲዮው ሁሉ ዝም አለ። አማቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወደ ውጭ ካዩ በኋላ፣ በሹክሹክታ «ሰው ሞቷል እንዴ?» አሉኝ።

በማግስቱ ራይንን ተሻግረን አልሳስ ገባን። ፈረንሳይ ውስጥ ፍራንስ ፓሲዮን የሚባል ነገር አለ። ወይን አምራቾች፣ አይብ ሠሪዎችና ገበሬዎች ቮንሞቢል ይዞ የመጣን መንገደኛ በግቢያቸው አንድ ሌሊት በነጻ ያሳድራሉ። የዓመቱን መመሪያ ትገዛላችሁ፣ ተለጣፊውን መስታወቱ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ አለቀ። ደንቡም አጭር ነው፤ የራሳችሁ መጸዳጃ ይኑራችሁ፣ ከ24 ሰዓት በላይ አትቆዩ፣ ስትደርሱም ስትሄዱም ባለቤቱን ሰላም በሉ፣ የመግዛት ግዴታ የለባችሁም። ለአማቴ ስተረጉምላቸው ፊታቸው በራ። «ይኼማ የእኛው ነው፤ የእግዜር እንግዳ ነን አሳድሩን ማለት አይደል?»

ባለቤቱ ሽማግሌ ወይን አምራች ነበሩ። ወቅቱ መስከረም፣ ወይን የሚለቀምበት ስለሆነ ግቢው በጭማቂ ተጨማልቆ ጫማ ይይዛል፣ ተርቡም ጉድ ነው። በዚያ ሁሉ ሩጫ መሀል ትራክተራቸውን አንስተው ደልዳላውን ቦታ ለቀቁልን። የሚናገሩት የአልሳስ ቋንቋ ከጀርመንኛ ጋር ስለሚቀራረብ ከፈረንሳይኛዬ ይልቅ የፍራንክፈርት ጀርመንኛዬ ጠቀመኝ። አማቴ ወደ ግቢው ሲገቡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ። የሚመልስ ጠፋ። ሲያሳዝኑኝ ከኋላቸው ሆኜ እኔው «እንቦሳ እሰሩ!» አልኩ።

ከሰልና ጀበና ይዘን ነበር። ከሰል መኪናው ውስጥ እንደማይነካ፣ ጭሱ ተኝቶ ያለ ሰው እንደሚገድል አጥብቄ ስለነገርኳቸው ባለቤቱን አስፈቅደን ውጭ አቀጣጠልን። ቡናው ሲቆላ ጭሱ ወይኑ መጭመቂያ ድረስ ሄደ። ሽማግሌው መኪናችን የተቃጠለ መስሏቸው ባልዲ ውሃ አንጠልጥለው እየሮጡ መጡ። ባልዲያቸውን እንደያዙ አቦሉን ቀመሱ፤ ቶናና በረካውን ተቀምጠው ጠጡ። ወንበሩን ራሳቸው ነው ያመጡት፤ ይህን ያዙልኝ። እሳቸውም በተራቸው ጌቩርዝትራሚነር የሚሉትን ወይን ቀዱልን። ሽታው የጽጌረዳ ነው፣ ጣዕሙ ግን ጠጅ ጠጅ አለኝ።

የመግዛት ግዴታ የለባችሁም ይላል ደንቡ። ይሉኝታን ግን የሚያውቅ አልጻፈውም። ጠዋት ስድስት ጠርሙስ ይዘን ወጣን፣ 62 ዩሮ። ከጉዞው ሁሉ ውዱ አዳር ይህ ነጻው ሆኖ ቀረ። ብጠየቅ ነገም እደግመዋለሁ።

ስዊዘርላንድን በአንድ ቀን አለፍናት፤ ለአውራ ጎዳናው ተለጣፊ 40 ፍራንክ ከፍለን፣ ጎታርድ ዋሻ አፍ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ተሰልፈን። 17 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው ዋሻ አማቴ ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። ብርሃን ስናይ ሳይጨርሱ ቀሩና «ከዳር ሳላደርሰው!» ብለው ተቆጡ።

ያ ሰልፍ ነው ሌሊቱን ያበላሸብን። ጣልያን ስንገባ መሽቶ ስለነበር አውራ ጎዳናው ዳር ባለ ማረፊያ፣ በከባድ መኪኖች መሀል ቆምን። ከጎናችን የቆመው ሥጋም ይሁን ዓሣ የጫነ ማቀዝቀዣ መኪና ነው፤ ሞተሩ በየአሥር ደቂቃው ይነሳል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ይጠፋል። መቼም ሲነሳ አይደለም የሚቀሰቅሰው፣ ሲጠፋ ነው። በዚያ ላይ ባለቤቴ ሌቦች ማደንዘዣ ጋዝ በመስኮት እየነፉ መንገደኛን አስተኝተው ይዘርፋሉ የሚለውን ወሬ ሰምታለች። የእንግሊዝ የሰመመን ሐኪሞች ኮሌጅ ነገሩ የማይሆን ነው ማለቱን ያነበብኩት ከተመለስን በኋላ ነው፤ ያን ሌሊት ግን ሦስታችንም አመንን። አማቴ ነጠላቸውን አውልቀው የሁለቱን የፊት በሮች እጀታ ግራና ቀኝ አስረው አገናኙ። «ከእንግዲህ በሩን የሚስብ ቢኖር እኔን ይጎትታል» ብለው ጫፉን ይዘው ጋደም አሉ። ነጠላው ሲነጋ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ነበር።

እንቅልፍ ያጣ ሰው የት እንደሚቆም አይመርጥም። ረፋድ ላይ ኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ከተማ፣ የመኪና ማቆሚያ ምልክት አይተን ገባን። ቮንሞቢል የሚከለክል ጽሑፍ የለም። ባለቤቴ ወዲያው ተኛች። መሬቱ ዘመም ያለ ስለነበር እኔ ከፊት ጎማዎቹ ሥር ቢጫ የፕላስቲክ ሽብልቅ አስገባሁና መኪናው ቀጥ ሲል ሥራዬን ቆሜ አደነቅሁ። አማቴ በ12 ዩሮ የገዛኋትን ታጣፊ ወንበር አውጥተው፣ ሐይቁን ፊት ለፊት እያዩ ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ።

የማዘጋጃ ቤት ፖሊስ በሞተር ብስክሌት መጣ። ሰላምታው ጨዋ ነው። ወንበሯን አየ፣ ሽብልቁን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር አየና ሦስት ጣት አወጣ። እንግሊዝኛው የእኔን ጣልያንኛ ያክላል። «ካምፔጆ» ይላል፣ ሰፍራችኋል ማለቱ ነው፤ እኔ ደግሞ የማቆሚያውን ምልክት እየጠቆምኩ «ፓርኪንግ» እላለሁ። በመጨረሻ ጎማውን በእርግጫ ነካ አድርጎ «ሶሎ ጎሜ! ሶሎ ጎሜ!» አለ።

«ጎማ ነው እኮ የሚለው» አሉ አማቴ ከሽንኩርታቸው ቀና ሳይሉ። «ጎማ ብቻ ይንካ ነው የሚልህ፣ ልጄ።»

ልክ ነበሩ። ጎማ የሚለውንም መኪና የሚለውንም ቃል የወሰድነው ከእነሱ አይደል! የጣልያን የመንገድ ሕግ፣ የ1992ቱ (እ.ኤ.አ.)፣ በአንቀጽ 185 ቮንሞቢል መቆም በሚፈቀድበት ቦታ ሲቆም ሰፈረ የማይባለው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው ይላል። መሬት የሚነካው በጎማው ብቻ ይሁን፣ ከሞተሩ ከሚወጣው በቀር ምንም ፍሳሽ አይውጣው፣ ከራሱ ስፋት ያለፈ ቦታ አይያዝ። ሽብልቄ የመጀመሪያውን አፈረሰ። የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ማስወጫ በደንብ ስላልተዘጋ ጠብ ጠብ ይል ነበርና ሁለተኛውም ሄደ። ሦስተኛው የአማቴ ወንበር ነው። ሦስቱንም በግማሽ ሰዓት ውስጥ!

ብስጭቴ ከቅጣት ፍርሃት አልነበረም። እኛ አገር ሰው ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ ቢቀመጥ ሰላም መሆኑን፣ ሰውም ደርሶ ሰላም ሊለው እንደሚችል መናገሩ ነው። የተዘጋው ቤት ነው የሚያስጠረጥረው። እዚህ መጋረጃህን ዘግተህ ውስጥ ብታንኮራፋ ማንም አይነካህም፤ ወንበር ካወጣህ ግን ሰፍረሃል። የምኒልክ መኳንንት በዚህ ሕግ ቢዳኙ ኖሮ ደጃች ውቤ ሰፈር ብሎ ነገር አይኖርም፣ አዲስ አበባም ራሷ እንጃ።

ፖሊሱ አልቀጣንም። ሽብልቁን ሳወጣ፣ የሚንጠባጠበውን ስዘጋ፣ ወንበሯን ሳጥፍ እጁን አጣምሮ ጠበቀኝ። አማቴ ልጣጩን በጉያቸው ሰብስበው የመኪናው መውጫ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ደረጃውም ቢሆን ከመኪናው ስፋት ወጣ ያለ ነው። አየው፤ እሳቸውንም አያቸው፤ ከዚያ ወደ ሐይቁ ዞር አለ። ሲሄድ የሕጋዊውን ማደሪያ አቅጣጫ በእጁ አሳየን።

እዚያ የተዘረፍነው በደረሰኝ ነው። በሩ ላይ 18 ዩሮ ተብሎ ተጽፏል፤ ጠዋት ሂሳቡ 31 ሆነ። መብራት 5፣ በሰው 1 ከ50፣ የቀረው ለመጸዳጃው መድፊያ። ስለ መድፊያው ትንሽ ልናገር። መጸዳጃው ሥር ወደ 18 ሊትር የሚይዝ ካሴት የሚባል ሳጥን አለ። ሲሞላ በጎን ካለች ትንሽ በር ይሳባል፣ እንደ ሻንጣ እየተገፋ ሄዶ ይደፋል፣ ይታጠባል። ሥራው እንደ ሥራ አይከፋም፤ ግን አማች ያለበት ነው። እሳቸው እንዳያዩኝ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ እደፋ ነበር። በሦስተኛው ቀን ነቁብኝ መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ በየነዳጅ ማደያው «እስቲ እዚህች ቁም፣ እግሬን ላፍታታ» ማለት አበዙ። ሁለታችንም ለምን እንደሆነ አላነሳነውም።

ማደሪያው ውስጥ ጎረቤቶቻችን ጡረታ የወጡ ጀርመኖች ነበሩ። ሰውየው ቢራውን ይዞ የአገሩን ሁሉ ሕግ በቃሉ ወረደው። ክሮኤሺያ ከተከለለው ቦታ ውጭ ማደር ክልክል ነው፤ ፖርቱጋል በ2021 (እ.ኤ.አ.) ጭራሽ ዘግታው ነበር፤ በዚያው ዓመት አላልታ በአንድ ወረዳ 48 ሰዓት ፈቀደች፣ ባሕር ዳርቻውንና የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታውን ሳይጨምር። ኖርዌይ ለእግረኛና ለድንኳን ደግ ናት፣ ያ ደግነት ግን ከመንገድ ወጥቶ ሜዳ ላይ መንዳትን አይጨምርም። ከሕጉ ይልቅ የወደድኩት የራሱን ልማድ ነው። መሸት ሲል ይገባል፣ ቦታ እያለ ሰው ጎን ተጣብቆ አይቆምም፣ ካደረበት መንደር ዳቦ ሳይገዛ አይወጣም። ከተሞቹ የሚከለክሉት ቆሻሻ ጥለው በሚሄዱት የተነሳ ነው አለኝ። የእኔን ጠብታ አላነሳሁበትም።

ጄኖቫን አየናት፣ ሚላኖ ፖርታ ቬኔስያ አካባቢ እንጀራ በላን፣ ተመለስን። መጨረሻው ሌሊት ጀርመን ውስጥ አውራ ጎዳና ዳር ነበር፣ ዝናብ። አማቴ የሹፌሩ ወንበር ወደ ውስጥ እንደሚዞር ያን ቀን ነው ያወቁት፤ ዞር አድርገው ተቀመጡበትና «ይኼ ደግሞ ወጣ አይባልም መቼም» አሉ። ከዚያ መጥበሻ ጋዙ ላይ አሙቀው ዕጣን ጣል አደረጉበት። ለመጨረሻ ሌሊት እንዴት ይከለከላል?

አከራዩ በሩን እንደከፈተ አፍንጫውን ነፋ። ሲጋራ ተጭሷል አለ። ዕጣን ነው፣ ለጸሎትም የሚሆን ነው አልኩት። ውሉ ላይ «ጭስ» ነው የሚለው ብሎ ከመያዣው 150 ዩሮ ቆረጠ። ለአማቴ አልነገርኳቸውም። አገር ቤት ከገቡ በኋላ ደውለው፣ የሁላችንንም ደህንነት ከጠየቁ ወዲያ «ያችን ወንበር አደራ፣ እንዳትጥላት» አሉኝ።