እንኳን አደረሳችሁ፣ በተለይ መርፌ ለያዛችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጁላይ 4፣ ለአሜሪካ የነጻነት ቀን፣ በሰላም አደረሳችሁ! ፊላደልፊያ ከማለዳው ደምቃለች። የጥብሱ ጭስ ሰፈሩን ሞልቶታል። ልጆቹ ርችቱ መቼ ይተኮሳል እያሉ ደቂቃ ይቆጥራሉ።

እኔ ዘንድሮ ሐሳቤ ስፌት ላይ ነው። እማዬ ከፋሲካ በኋላ አረፈች። አዲስ አበባ ሲንገር መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ነው ያሳደገችን።

የዛሬ ሦስት ዓመት ልትጠይቀኝ መጥታ፣ አርች ጎዳና ወደሚገኘው የቤትሲ ሮስ ቤት ወሰድኳት። «የመጀመሪያውን የአሜሪካ ባንዲራ ሰፋች የሚሏት ሴትዮ ናት» አልኳት። እማዬ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ዋጋዋን ከፈሏት?» አለችኝ።

ጥያቄው አልለቀቀኝም። ጆርጅ ዋሽንግተን ሱቋ መጥቶ ባንዲራ አዘዛት፤ እሷም ወረቀት አጣጥፋ፣ በመቀስ አንዴ ቆርጣ፣ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አወጣችለት የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል። ይህን ለሕዝብ የተናገረው የልጅ ልጇ ዊሊያም ካንቢ ነው። ያውም እ.ኤ.አ. በ1870፣ እሷ ከሞተች ከ34 ዓመት በኋላ። በዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ አልተገኘለትም። ለእማዬ ጥያቄ ግን ማስረጃ አለ። ሜይ 29 ቀን 1777 የፔንሲልቬኒያ የባሕር ኃይል ቦርድ ለመርከብ ባንዲራዎች ሥራ 14 ፓውንድ፣ 12 ሺሊንግ ከ2 ፔንስ እንዲከፈላት አዟል። እኔ ከኮከቡ ይልቅ ይቺን 2 ፔንስ እወዳታለሁ። ሳንቲሟ ሳትቀር ተቆጥራለች።

ሴትዮዋ ያሳለፈችው ቀላል አይደለም። ከ17 ልጆች 8ኛ ናት። ከእምነቷ ውጭ አገባሽ ብለው፣ ኩዌከሮች የሚባሉት የእምነቷ ክርስቲያኖች ከማኅበራቸው አስወጧት። ያ ባሏ በ1776 መጀመሪያ ሞተ። ሁለተኛው መርከበኛ ነበር፤ እንግሊዞች ማርከውት እስር ቤት ሞተ። መርዶውን ያመጣላት አብሮት የታሰረ ሰው በኋላ ሦስተኛ ባሏ ሆነ። እናትና አባቷን በ1793 የቢጫ ወባ ወሰደባት። እሷ ሰፋች። ሰባ ዓመት ካለፋትም በኋላ ሰፋች። በመጨረሻ ዓይኗ ጠፋ።

እዚህ ስደርስ አለቅሳለሁ። እማዬም ክር ማስገባት አቅቷት ነበር። እዚህ በቆየችበት ክረምት መርፌዋን የማስገባላት እኔ ነበርኩ። ያኔ ነው የጎረቤታችን የሽማግሌው ባንዲራ ጫፉ ተተርትሮ ያየችው። «እንዲህ ይሰቀላል እንዴ?» ብላ በምልክት አስወረደችው። በረንዳችን ላይ ቁጭ ብላ ቀመቀመችለት። ሰውየው ገንዘብ ሲሰጣት እጁን ይዛ መለሰችለት።

አባባ፣ አማርኛ ባይገባዎትም ላመስግንዎ። ለቅሶ ቤት መጥተው አንድም ቃል ሳይናገሩ ሁለት ሰዓት አብረውን ተቀምጠዋል። የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች፣ ንፍሮው ከየት ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም፤ እግዜር ይስጥልኝ። አንቺ ደግሞ፣ እማዬ ስፌት ያስተማረችሽ እህቴ፣ እኔ ሳልደርስ እጇን ይዘሽ ነበር። ይህን በምን እከፍልሻለሁ?

የመለኪያ ደብተሯን ልከሽልኛል። የደረት፣ የወገብ፣ የእጅጌ ቁጥር፣ ከጎኑ «ቀሪ» የሚል። ብዙ ቀሪ አለ። ልብሱን ለብሰው ሠርግ የሄዱ፣ ሳይከፍሉ የቀሩ። ስለዚህ የዘንድሮ ምኞቴ ይኸው፦ የልብስ ሰፊ ዕዳ ያለባችሁ ነገ ሳትሉ ክፈሉ። ድራይ ክሊኒንግ ቤት ጓዳ ሱሪ ስታሳጥሩ የምትውሉ እህቶቼ፣ በዓሉ የእናንተም ነው።

አሁን በመስኮት አየዋለሁ፤ የሽማግሌው ባንዲራ ተሰቅሏል። እማዬ የቀመቀመችው በኩል ክሩ አልላላም። ታችኛው ጥግ ግን መተርተር ጀምሯል። ነጭ ክር ገዝቻለሁ። ርችቱ ካለቀ በኋላ፣ ነገ ጠዋት፣ ሄጄ እንዲያወርዱት እጠይቃቸዋለሁ።